ሲለመን የከረመ ፊልም

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
መጋቢት 2 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለዙሁራ አብዱልመጂድ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከተማ ሙቀት ጋር ተጠቅልሎ ይድረስሽ፤ እናንተ አዲስ አበቤዎች ብርድ ብርድ ስለምትሉ ይጠቅማችኋል። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ፤ ግን ልጽፍልሽ እቀመጥና ጽፌ ሳነበው ስድብ ብቻ እየሆነብኝ እቀደዋለሁ። ዛሬም አልበረደልኝም፤ ከዚህ በላይ ብቆይ ደግሞ ረሳችኝ ትያለሽ።

«የበልጉ ዝግጅት እንዴት ሆነልሽ?» ብለሻል። ተይኝ። የባህል አዳራሹን ስረከብ ያወጣሁትን ዕቅድ ታውቂዋለሽ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሥዕልና የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን፣ በየእሑዱ ፊልም፣ በሳምንቱ መካከል ሥልጠና። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር። የሥዕል መምህሩ የጫሞን አዞ ስለው ሰጡን፤ በኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፈን ግድግዳ አስደግፈን አቆምነው። በሳምንቱ ስንከፍት ምስጥ ከታች ጀምሮ በልቶት አዞው እግር አልባ ሆኖ ጠበቀን። እንግዶቹ ምን ዓይነት ዓሣ ነው እያሉ ጠየቁኝ።

ሥልጠናውን ስሚ። ከበላይ የመጣው ዕቅድ «የዶርዜ ሴቶች የሽመና ሥልጠና» ይላል። እኔም የከተማ ልጅ፣ ሳላመነታ ማኅተም መታሁበት። ከዶርዜ የወረዱት እናቶች የሽመናውን ጉድጓድ አይተው እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። እማማ ጌጤ የሚባሉት ትልቋ፣ «ልጄ፣ ሽመና የወንድ ነው። እኛ መፍተል ነው የምናውቅ። ሴት እዚያ ጉድጓድ ከገባች ወንዱ ምን ሊሠራ ነው?» አሉኝ። ሊያሠለጥኑ የመጡት ሸማኔዎች ደግሞ የተሰደቡ መስሏቸው ወደ ተራራቸው ተመለሱ። አሁን ሥልጠናው የፈትል ሆኗል። አሠልጣኝ የለውም፣ ሠልጣኝም የለውም፤ ሁሉም ያውቁታል። እየፈተሉ ይጫወታሉ፣ እኔም ሪፖርት እጽፋለሁ።

ፊልሙ ግን ያንቺ ጥፋት ነው። የፊልም መጋዘን ቁልፍ በእጇ ያለ ጓደኛ እያለችኝ የሲሚንቶ ፋብሪካ ላክሽልኝ። ከዚያ በፊት የላክሽውም ሲሚንቶ ነበር፤ የሌላ ሀገር ሲሚንቶ ስለሆነ ልዩነቱን እንድናጠና ይሆን? እሑድ ዕለት የነበርነው እኔ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ገነነ እና ከፀሐይ የተጠለሉ ጥቂት ሽማግሌዎች ነን። ሽማግሌዎቹም ተኙ።

የምነጫነጨው በከንቱ አይደለም። አዳራሹ እስከ ሚያዝያ 23 ሰው ካልሞላው ለበቆሎ መጋዘን ይሰጣል ተብያለሁ። ጸሎት ቤታችን ተወርሶ አዳራሽ ሲባል እማዬ ደጁን አልረግጥም ብላ እስከ ዛሬ አልረገጠችም። እኔ ግን ተዘግቶ ከሚቀር ሰው ቢስቅበት ይሻላል ብዬ ነው ሥራውን የተቀበልኩት፤ በእሷ ዘንድ ተወቅሼበታለሁ። አሁን በቆሎ ሊሞሉት ነው? እባክሽ የህንድ ፊልም ላኪልኝ፤ ዘፈን ያለበት፣ ለቅሶ ያለበት፣ ድብድብ ያለበት።

አባትሽ ጋሽ አብዱልመጂድ ደህና ናቸው፤ ሱቃቸው እንደ ተከፈተ ነው። እናትሽ እትዬ ሐሊማም ሰላም ብለውሻል። ወንድምሽ ሳሊሕ ገጠር፣ ጫኖ ነው።

ዘሪቱ


አዲስ አበባ
መጋቢት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለዘሪቱ፣

ቁጡ ሰላምታሽ ደረሰኝ፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስድቡን ቀደሽ መጣልሽ ጥሩ ነው፤ የተረፈውም ይበቃኛል።

ሲሚንቶውን ወድጄ የላክሁት እንዳይመስልሽ። ለባህል አዳራሽ በነጻ የሚሄደው ትምህርታዊ ፊልም ነው፤ የህንዱ ለሲኒማ ቤት ይከራያል እንጂ ከከተማ አይወጣም። እንደ ምንም ደፍሬ አለቃዬን ጠየቅኳቸው። «አርባ ምንጭ ሲሚንቶ አይፈልግም?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ይፈልጋል ብዬ ወጣሁ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሽማግሌና ፈታይ ይዘሽ አዳራሽ አይሞላም። ወጣቱስ? እኛ ልጆች ሳለን ተንቀሳቃሽ ሲኒማ ሲመጣ ከፊት ቦታ ስናጣ ከአንሶላው ጀርባ ዞረን፣ ጽሑፉ ተገልብጦ፣ ግራኙ ቀኝ ሆኖ አልነበር የምናየው? ያ ሁሉ ጎረምሳ እሑድ እሑድ የት ሄዶ ነው ለሲሚንቶም ቢሆን ብቅ የማይለው?

ሳሊሕ ጫኖ ነው ብለሽ ዝም አልሽ። አባዬም «ሙዝ ይጠብቃል» ብለው ነው የጻፉልኝ። ሳሊሕና ሙዝ ጥበቃ? ያ ልጅ ለፊልም ብሎ ምሳውን የሚተው ልጅ ነው። ወላሂ ታሞ ከሆነ ወይም ከአባዬ ጋር ተጣልቶ ከሆነ ደብቀሽኝ አልምርሽም። እውነቱን ጻፊልኝ።

ዙሁራ


አርባ ምንጭ
መጋቢት 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

ዙሁራ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ዝናቡ ገብቶልናል፤ ምስጡም እግዚአብሔር ይመስገን ጠግቧል። ይቅርታሽን የምጠይቀው በሳሊሕ ነገር ነው። ከእናትሽ ቀድሜ እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

አልታመመም፣ አልተጣላምም። ዘንድሮ ለአቅመ ጠመንጃ የደረሰ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ሙዝ ጠባቂ አለው። ባለፈው ወር ገረሴ ገበያ ላይ ጎረምሶች ለብሔራዊ ውትድርና ተጭነው ሄዱ፤ ጨው ሊገዛ የወጣው ጨዉን እንደ ያዘ። ይህ ምስጢር አይደለም፤ በአዋጅ የሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ተሰብሰቡ ሲባል ይበተናል። እኔ ጅሏ ደግሞ የእሑዱን ፊልም በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሳስለፍፍ ከረምኩ። ድምፅ ማጉያው ሲንኳኳ ልጆቹ ገና ስለ ምን እንደሆነ ሳይሰሙ አጥር ይዘላሉ። በገዛ እጄ ነው አዳራሼን ባዶ ያደረግሁት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ?

ቅዳሜ በአባትሽ መኪና ጫኖ ወርጄ ሳሊሕን ጠየቅሁት። ወፍሯል፤ ሙዝ ይስማማዋል። «አዳራሽሽ አንድ በር ነው ያለው» አለኝ። የጓሮ በር እንዳለው ነገርኩት። «አንቺስ ትኖሪያለሽ?» አለኝ። «በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። እኔ እያለሁ በዚያ ቤት ማንም ማንንም አይነካም» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «የሲሚንቶ ካልሆነ ከጓደኞቼ ጋር እመጣለሁ» አለ። ከእንግዲህ ድምፅ ማጉያ የለም፤ በአፍ እንጠራራለን።

ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለኝ። አዲስ ኃላፊ ተመድቦልናል፤ ጓድ በዛብህ ይባላል። ገና በመጣ በሳምንቱ አዳራሹን ዞሮ አየና፣ «ወጣቱ ምን ዓይነት ፊልም ነው የሚወደው?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ሥራ ከገባሁ ይህን የጠየቀኝ የበላይ አልነበረም። የህንድ አልኩት። ሲሚንቶ ይሻላል ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ለመሥሪያ ቤትሽ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። አየሽ፣ ደህና ሰውም አለ።

ዘሪቱ


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለዘሪቱ ባለ አዳራሿ፣

እንኳን ለፋሲካ አደረሰሽ። እናትሽ እማማ አገርነሽ ዶሮ ሲያርዱ እኔን አንስተው ነበር? ባያነሱኝም ሰላም በያቸው።

ፊልሙን አገኘሁልሽ። ያ ደብዳቤ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው? አለቃዬ ተቀምጠው ማንበብ ጀምረው ቆመው ፈረሙ። ለሲኒማ ቤት ተይዞ የነበረውን አስነሥተው «ቶሎ ይድረስ» አሉ። እኔ ሳለቅስ የከረምኩበትን አንድ ማኅተም ፈታው። ፊልሙን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ወንድማማቾች በልጅነታቸው ይጠፋፉና አንዱ ፖሊስ ሌላው ሌባ ይሆናል፤ እናታቸው ስትዘፍን ነው የሚተዋወቁት። መሐረብ ያዢ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ በሚነሣው አውቶቡስ ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ።

ስለ ሳሊሕ ያልሽኝን አንብቤ አደርኩበት። እዚህም ያው ነው፤ ጎረቤታችን ልጃቸውን አልጋ ሥር ነው የሚያስተኙት። ግን አንቺ በሩ ላይ እንዳለሽ ሳስብ ልቤ ረጋ አለ። ጻፍኩለት። «ዘሪቱ በሩን ይዛልሃለች፤ ጓደኞችህን ሁሉ ሰብስበህ ግባ፣ ከፊት ተቀመጥ» አልኩት። ከዚያ ሙዝ ሥር አንድ ቀን ወጥቶ ቢስቅ ምን አለበት? ጾሙም እየገባ ነው፤ ሆዱ ባይጠግብ ዓይኑ ይጥገብ።

ዙሁራ


አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

ዙሁራ እህቴ፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ተቀበይኝ። ፊልሙን አትላኪው። ልከሽው ከሆነ አስመልሺው። ተቃጠለ በይ፣ ጠፋ በይ፣ ለሌላ ክፍለ ሀገር በስሕተት ተጫነ በይ። ስለምነው እንዳልከረምኩ አሁን አትላኪ ስልሽ አብዳለች ትያለሽ፤ በይ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ስልክም አትደውዪልኝ፤ የቢሮው መስመር በጣም ይንጫጫል።

ሌላ ሌላውን ወሬ ልንገርሽ። አዳራሹ እየታደሰ ነው። ጓድ በዛብህ የጓሮውን በር በሚስማር አስመታው፤ ነፋስ ያስገባል ብሎ። በአርባ ምንጭ ሙቀት ነፋስ የሚጠላ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ለሚያዝያ 23ም ትልልቅ የጭነት መኪናዎች አዝዟል፤ ለበዓሉ ዕቃ ማመላለሻ ነው አለኝ። የፊልም ዕቃ ምን ያህል እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ነው። ፊልሙ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ይነገር ብዬ ለመንኩት። «የለም፣ በአንቺ አፍ ይነገር፤ አንቺን ያምኑሻል» አለኝ። እንደሚያምኑኝ የነገረው ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔው ሳልሆን አልቀርም፤ ያን ቀን በደስታ ያልቀባጠርኩት ነገር የለም።

ለሳሊሕ የጻፍሽለትን ቶሎ ሽረሽ ጻፊ። ሙዙ እንዳይሰረቅ በይው።

ዘሪቱ


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 16 ቀን 1980 ዓ.ም.
በአውቶቡስ ሾፌር እጅ

ዘሪቱ፣

ፊልሙ ሐሙስ ሄዷል። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ይህንንም ሾፌሩ ኬላ ላይ ወረቀት ያያሉ ስላለኝ እጄን ሰብስቤ ነው የምጽፈው።

ስለ ነፋሱና ስለ በሩ የጻፍሽው ገብቶኛል። ጾም ይዤ ክፉ ቃል ማውጣት አልፈልግም፤ ግን ተናድጄብሻለሁ፤ ብደብቅሽ ጾሜን አያሳምረውም። ቃል የሰጠሽው አንቺ ነሽ። እኔም በቃልሽ ጻፍኩለት። አንድ የበላይ ስለ ፊልም ስለ ጠየቀሽ ብቻ ልብሽን ገልብጠሽ ሰጠሽው። ልጅ ሳለሽም እንዲሁ ነበርሽ፤ ሥዕልሽን ያደነቀልሽ ሁሉ እርሳስሽን ይወስዳል።

ለአባዬ «ሳሊሕ ከጫኖ እንዳይንቀሳቀስ» ብዬ ቴሌግራም መታሁ። መልስ ስጠብቅ የመጣልኝ የሳሊሕ ደብዳቤ ነው፤ ቀድሞ የጻፈው ይሆናል። ነጭ ሸሚዙን አሳጥቧል። ጫኖ ውስጥ ሙዝ የሚቆርጠውን ሁሉ ጠርቷል። «ዘሪቱ ካለች እኮ ቤታችን ማለት ነው ብያቸዋለሁ» ይላል። ይህን ሳነብ ምን እንደ ሆንኩ አልነግርሽም።

ማሽኑን ስበሪው። ገመዱን በጥሺው። አንድ ነገር አድርጊ ዘሪቱ። ወንድሜ አንድ ነው።

ዙሁራ


አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጓዲት ዙሁራ አብዱልመጂድ፣

የላክሽልን ፊልም በሙሉ ጤንነት ደርሶናል፤ ለትብብርሽ እናመሰግናለን። ማሽኑ አሁን በጓድ በዛብህ ቢሮ ይቀመጣል። ኃላፊነቱን የፈረመው ገነነ ነው፤ ቢበላሽ አሻጥር ስለሚባል ልጆቹን ይዞ መከራ ያያል። ስለዚህ ማሽኑ ደህና ነው።

ወንድምሽን ትናንት አየሁት። አትምጣ አልኩት፤ አባትሽም ነግረውታል። «ፊልሙን ለብቻሽ ልታዪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በላይ አልነገርኩትም፤ አፉን ታውቂዋለሽ፣ ለአንዱ የነገረውን ማታ ጫኖ ሁሉ ይሰማዋል፤ ሌሊቱን ደግሞ ማን እንደ ነገረው ይጠየቃል።

በዓሉ በድምቀት ይከበራል። ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር።

ዘሪቱ


አዲስ አበባ
ግንቦት 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ዘሪቱዬ፣

በመጨረሻ መፈክር ጽፈሽ የላክሽልኝን ደብዳቤ ይዤ ስንት ቀን እንደ ተቃጠልኩ አላህ ያውቃል። ከአጠገብሽ ሰው ቆሞ ያስጻፈሽ መስሎኝ ነበር። ሚያዝያ 23 ቀኑን ሙሉ ራዲዮ ሰልፍ ሲያሰማኝ ዋለ፤ እኔ ግን የአንድ በር ድምፅ ነበር የምሰማው።

ዛሬ ጠዋት የሳሊሕ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከፍቼ ሳነብ ከላይ እስከ ታች ስድብ ነው። አንቺን ነው የሚሰድበው። እንዲህ ይላል፤ ስሚው፤ «ጾሜን ይዤ በእግሬ ከጫኖ መጣሁ። ያቺ ጓደኛሽ አዳራሹን በባልቴት ሞልታዋለች። መሬቱ እንኳ አይታይም፤ ሁሉም እንዝርት ይዞ ያሾራል። የህንድ ፊልም ለባልቴት! እኔን ሲያዩ አንዷ ልትነሣልኝ ስትንደፋደፍ አፍሬ ወጣሁ። ዘሪቱን በር ላይ ባገኛት፣ ቦታ የለም ብላ በጓደኞቼ ፊት በሩን አፍንጫዬ ላይ ዘጋችብኝ። ዘፈኑን ከግድግዳው ጀርባ ቆሜ ትንሽ ሰማሁና ሳይመሽ ተመለስኩ። ከእንግዲህ እሷ ካለችበት አልደርስም። ጓደኞቼም ውሸታም አደረጉኝ።»

አነበብኩት፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ መጋዘኑ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አለቃዬ መጥተው «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ ፊልም ነው አልኳቸው።

በዚያ ደብዳቤ ስላልኩሽ ሁሉ ይቅር በይኝ። የእርሳሱን ነገር እንኳ አንሥቼ ነበር። አሁን እንዴት እንዳደረግሽው ንገሪኝ። ደግሞ ሳሊሕ እንዲህ እየሰደበሽ መስማት አልቻልኩም። ልጻፍለትና እውነቱን ልንገረው?

ዙሁራ


አርባ ምንጭ
ግንቦት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.
በእማዬ በአገርነሽ እጅ

የኔ ዙሁራ፣

እንኳን ለዒድ አደረሰሽ። ይህን የያዘችልሽ እማዬ ናት፤ ለዓይኗ ሕክምና ስትመጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራልኛለች፤ የእሷን ነጠላ የሚፈታ ፈታሽ አልተወለደም። ስለዚህ ዛሬ እንደ ሰው እጽፍልሻለሁ። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ የእርሳሱ ነገር ግን እውነት ነው።

ፊልሙን አትላኪ ብዬ የጻፍኩልሽ ዕለት ጓድ በዛብህ ቢሮው ጠርቶ በግልጽ ነግሮኝ ነበር። ከከተማው የሚፈለግ ምልምል አልሞላም፤ ልጆቹ በየጓሮው ተሸሽገዋል፤ ፊልሙ መሐል ላይ ሲደርስ በሩ ይዘጋል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰላም ብዬ ላስገባቸው ነው። እምቢ ብዬ ሥራዬን ብለቅ ሌላ ሰው በሩ ላይ ያቆማል፤ ልጆቹ ግን በእኔ ስም ይገባሉ። ቢሮው ውስጥ ዝም ብዬ ቆምኩ። ዝምታዬን እሺታ አደረገው። በራሴ የተናደድኩትን ያህል በእሱ አልተናደድኩም።

ከሰው ሁሉ ለእማማ ጌጤ ብቻ ነገርኳቸው። ልጆቹ አንዴ ከተቀመጡ አይወጡም አልኳቸው። እንዝርታቸውን አላቆሙም። «ታዲያ እኛ እንቀመጣ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። በዕለቱ ሰልፉ ገና ሳያልቅ ከዶርዜ የወረዱት፣ የከተማችን የሴቻና የሲቀላ ሰፈር እናቶች ባዘቷቸውን በጉያቸው ይዘው ገቡ። በአንድ ወንበር ሁለት ሁለት ሆኑ፤ መተላለፊያው ሞላ፣ ከመጋረጃው ሥር ሞላ። እዚህ አገር ጎረምሳ እናቱን የምታህል ሴት መሬት ላይ እያለች ወንበር ቢሰጡትም እንደማይቀመጥ አንቺም ታውቂያለሽ። እኛም የተማመንነው ይህንኑ ነው።

እማዬም መጣች። ማን እንደ ነገራት አላውቅም። ደጁ ላይ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ነጠላዋን አጥብቃ ገባችና ድሮ በጸሎት ጊዜ የምትቀመጥበት ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች። ያን ጊዜ ነው ጉልበቴ የተመለሰው።

ጓድ በዛብህ ገብቶ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ሴቶች ማኅበር ነው። የሠራተኛ ቀን ነው ተብሎ ሠራተኞች መጡ» አልኩት። «አስወጫቸው» አለ። «እርስዎ ያስወጧቸው» አልኩት። እማማ ጌጤን ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው። ቀና ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ቆመህ አትድከም፤ ቁጭ በል፣ ትንሽ እንጠጋልሃለን» አሉት። ከበስተኋላ ሳቅ ተሰማ። እሱም እናት አለው መሰለኝ፤ ወጣ። ልጆቹ እየመጡ ከደጅ ተመለሱ። ሳሊሕ ግን ጭንቅላቱን አስገብቶ ቦታ መፈለግ ጀመረ፤ መኪናዎቹ ጥግ ላይ ቆመው ነበር፤ ሲዘገይ በሩን ዘጋሁበት። አፍንጫውን መትቼው ከሆነ ይቅር ይበለኝ።

እናቶቹ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩት። ቋንቋው ባይገባቸውም እናቲቱ ስትዘፍን አለቀሱ፤ እንዝርት ግን ማንም አላቆመም።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርሽ፤ ባልጽፈው መዋሸት ይሆንብኛል። ሰኞ ጠዋት መኪናዎቹ ወደ መናኸሪያው ዞሩ፤ ባዶ አልተመለሱም። ከተወሰዱት አንዱ ከፈታዮቹ የአንዷ ልጅ ነው፤ የእሑዱን ፊልም ከፊት ተቀምጠው ያዩት የእማማ ወለቴ። ከዚያ ወዲህ ለፈትል አልመጡም። ቤታቸው ሄጄ አጠገባቸው ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ። አዳራሹም ለበቆሎ ተሰጥቷል፤ ትናንት ወንበሮቹን ሲያወጡ ዋሉ። በሪፖርቱ ላይ «የሴቶች ተሳትፎ ከፍተኛ ነበር» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ግን ለመሠረተ ትምህርት ወደ ገረሴ ተዛውሬያለሁ። ጎረምሶቹ እንደሆኑ ከእንግዲህ ፊልም አለ ብላቸው አንድም አያምነኝም። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ሁሉ በአንድ ከሰዓት ነው የሄደው። እናደዳለሁ፤ ተናድጄ እተኛለሁ፤ ስነሣም እንደ ተናደድኩ ነኝ።

ለዒድ ቤታችሁ ሄጄ ነበር። እትዬ ሐሊማ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ሳሊሕ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ሳህኑን አንሥቶ ጀርባውን ሰጠኝ። «ኧረ ነውር ነው፣ እንግዳ ናት» ቢሉት፣ «ለባልቴቶቿ እንግዳ ትሁን» አላቸው። አባትሽ ሊቆጡት ሲሉ ተዉት አልኳቸው። ሩዙን ጨርሶ አስጨመረ፤ አሁንም ጨመረ። ጀርባውን እያየሁ ተቀመጥኩ፤ እትዬ ሐሊማ የቀዳሁልሽን ጠጪ እያሉ ይለምኑኛል፣ እኔ ዓይኔን ከእሱ ማንሣት አቃተኝ።

ልንገረው ወይ ብለሻል። አትንገሪው። ለጓደኞቹ ሳይነግር አያድርም፤ ነገ የእማማ ጌጤ ስም ይነሣል። ለእኔም ብለሽ አትዘኚ። ሳሊሕ እስኪበቃው ይጥላኝ፤ ብቻ ከእናቱ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ይጥላኝ።

ዘሪቱ